የክላሱ ፋራ ዋና ተዋናይ ሲሆን፦ ስለ ኢንዲ የሃይስኩል ኮሜዲዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ፊልም በፍላሽ የምንቀባበል ልጆች አለን፣ ግማሾቹ ገና ሃይስኩል ናቸው ግማሾቹ ግቢ ገብተዋል፣ እና እነዚህን ፊልሞች በሰጠኋቸው ቁጥር የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ያው ናቸው። ለእያንዳንዱ ሰው ቮይስ ከምልክ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቆይ ግን ምን ዓይነት ፊልም ነው የምታወሩት?

ዋናው ልጅ ወይ ዋናዋ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ የትኛውም ግሩፕ ውስጥ የማይገቡበት ኮሜዲ። ልጁ ደረጃ የሚወጣ ቸካይ አይደለም፣ ኳስ ተጫዋች አይደለም፣ በረባሽነት እንኳን ስም አላወጣም፣ በቃ ክላሱ ፋራ ብሎ የተወው ልጅ ነው። የተለመደው የሆሊውድ የሃይስኩል ፊልም እንደዚ ዓይነት ልጅ ሲያገኝ መነጽሩን ያስወልቀዋል፣ ጸጉሩን ያስተካክለዋል፣ አዲስ ልብስ ያለብሰዋል፣ ከዛ መጨረሻ ላይ ግብዣው ቦታ ሲገባ ሁሉም አፉን ከፍቶ ያየዋል። እኔ የማወራላችሁ ፊልሞች ላይ ይሄ የለም። ልጁ ሲጀምር እንደነበረ ሆኖ ነው የሚጨርሰው፣ ቢበዛ አንድ ሁለት ጓደኛ ያገኛል። የምወዳቸውም በዚ ነው፣ ልጁ ላይ ምንም የሚስተካከል ነገር አለ ብለው አያምኑም፣ አብረውት ይቀመጣሉ፣ እኛም አብረን ስንቀመጥ ቀስ እያለ እሱ ትክክል ይሆንብንና ቀሪው ክላስ ግራ ያጋባን ይጀምራል።

ኢንዲ የሚባሉት ደግሞ ከትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ውጪ በትንሽ ብር የሚሠሩ ስለሆኑ ነው፣ ብዙ ጊዜ ዳይሬክተሩ ራሱ ይጽፋቸዋል፣ ከተሠሩ በኋላ ነው ፌስቲቫል ላይ ታይተው ገዢ የሚፈልጉት። ከታች የማነሳቸው ሁሉም እኩል ድሃ አልነበሩም፣ አንዳንዱ የስቱዲዮ ብር ነክቶታል፣ መንፈሳቸው ግን አንድ ነው።

ለመጀመሪያ የቱን ልይ?

ናፖሊዮን ዳይናማይት፣ 2004። ይሄን ሳይጠይቁኝም እመልሳለሁ።

አይዳሆ በሚባለው የአሜሪካ ስቴት ውስጥ ፕሬስተን የምትባል ትንሽ የገበሬ ከተማ አለች፣ ዳይሬክተሩ ጃረድ ሄስ ሃይስኩል የተማረው እዛ ነው፣ ፊልሙንም የቀረጸው እዛው ነው። በጀቱ 400,000 ዶላር ነበር፣ ለኛ ጆሮ ብዙ ይመስላል እንጂ ለአሜሪካ ፊልም ከምንም አይቆጠርም። ዋናውን ልጅ የተጫወተው ጆን ሄደር የዩኒቨርሲቲ ጓደኛው ነው፣ መጀመሪያ የተከፈለው 1,000 ዶላር ብቻ ነበር። ሰንዳንስ የሚባለው የኢንዲ ፊልሞች ፌስቲቫል ላይ ታየ፣ ፎክስ ሰርችላይት የሚባል አከፋፋይ ገዛው፣ ከዛ በዓለም ዙሪያ ከ45 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ።

ታሪኩን ልንገራችሁ ብል ምንም ነገር የለውም፣ ናፖሊዮን አያቱ ቤት ከወንድሙ ጋር ይኖራል፣ ፔድሮ የሚባል ከሜክሲኮ የመጣ አዲስ ተማሪ ጓደኛው ይሆናል፣ ፔድሮ ለተማሪዎች ፕሬዝዳንትነት ከትምህርት ቤቱ ታዋቂ ልጅ ጋር ይወዳደራል፣ አለቀ። ግን አንድ ቦታ ላይ ልቁም። ናፖሊዮን ከካፌ የተረፈውን የተጠበሰ ድንች ሱሪው ኪስ ውስጥ ደብቆ ክላስ ውስጥ አንድ አንድ እያወጣ ይበላል። አጠገቡ ያለው ልጅ ስጠኝ ይለዋል፣ እሱ እምቢ ርቦኛል ይላል፣ ልጁ በእርግጫ ኪሱን ይለዋል፣ ድንቹ ኪሱ ውስጥ ይፈርጣል። በቃ ይሄው ነው። ሙዚቃ አይገባም፣ ማንም መጥቶ አይገላግልም፣ ናፖሊዮን ይናደዳል ግን አያለቅስም። ክላስ ውስጥ ዳቦውን የተነጠቀ ልጅ ሁሉ ያቺን ሰከንድ ያውቃታል፣ ያሳቀንም በትክክል ስለተያዘች ነው።

መጨረሻ አካባቢ አንድ ጭፈራ አለ፣ ያላያችሁ አትጠይቁኝ አልናገርም። እሱን ሲቀርጹ የቀራቸው የካሜራ ፊልም አንድ ጥቅል ያህል ብቻ ነበር ይላሉ፣ ስለዚ ሄደር ያለችው ዕድል በጣት የምትቆጠር ነበረች፣ ያንን እያሰባችሁ ድጋሚ እዩት።

አየሁት፣ ምንም አላሳቀኝም። ችግሩ እኔ ጋር ነው?

አይደለም፣ ይሄ ፊልም በዚ ነገር ታሪክ አለው። 2006 ላይ ኔትፍሊክስ፣ ያኔ ዲቪዲ በፖስታ እየላከ የሚያከራይ ድርጅት እያለ፣ ደንበኛ የትኛውን ፊልም እንደሚወድ የሚገምተውን ሲስተም በ10 ፐርሰንት ላሻሻለልኝ 1 ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ ብሎ ውድድር አወጣ። ከየአገሩ የሒሳብና የኮምፒውተር ሰዎች ተረባረቡበት፣ ሽልማቱ የተወሰደው 2009 ላይ ነው። እና መሃል ላይ እነዛን ሁሉ ምሁራን ካስቸገሯቸው ፊልሞች ዋነኛው ናፖሊዮን ዳይናማይት ነበር። ሰው ወይ በጣም ይወደዋል ወይ በጣም ይጠላዋል፣ ሌላ የወደደውን ፊልም ሁሉ ብታውቅለት እንኳን ይሄን ይውደድ አይውደድ መገመት አይቻልም ነበር።

እኔ የምመክረው አንድ ነገር ነው፣ ባጃጅ ውስጥ በስልክ እየቆራረጣችሁ አትዩት። የዚ ፊልም ሳቅ ያለው ከንግግሩ በኋላ በሚመጣው ዝምታ ውስጥ ነው፣ አንዱ የሆነ ነገር ይናገራል፣ ሌላው ዝም ብሎ ያየዋል፣ ካሜራው አይነቃነቅም፣ እና ያቺን ሁለት ሰከንድ ወደፊት ካሳለፋችኋት ፊልሙን ዘለላችሁት ማለት ነው። ከሁለት ሦስት ሰው ጋር፣ ማታ፣ ላፕቶፕ ላይ። አሁንም ካላሳቃችሁ ተዉት፣ ወደ ረሽሞር ሂዱ፣ 1998፣ ዌስ አንደርሰን። እዛ ላይ ማክስ የሚባል የፀጉር አስተካካይ ልጅ የሃብታም ትምህርት ቤት ውስጥ ገብቶ ያለውን ክበብ ሁሉ ይመራል፣ ትምህርቱን ግን እየወደቀ ነው። በተለይ ድራማ ክበብ ውስጥ የነበራችሁ ልጆች ማክስ በትምህርት ቤት መድረክ ላይ የሚያዘጋጀውን ቴአትር ስታዩ ትወዱታላችሁ። አንደርሰንም ቢሆን የቀረጸው ሂውስተን ውስጥ ራሱ በተማረበት ትምህርት ቤት ነው። ይሄ ነገር ደጋግሞ ይመጣል፣ ልብ በሉልኝ።

እንግሊዝኛዬ ያን ያህል ነው፣ ይገባኛል?

ሰብታይትል አድርጋችሁ እዩ፣ ምንም ሼም የለውም። ግሪጎሪስ ገርል የሚባል የስኮትላንድ ፊልም አለ፣ 1981፣ ቢል ፎርሳይዝ የሠራው፣ አሜሪካ ሲሄድ የስኮቶቹ አነጋገር አይገባም ተብሎ ድምፁ እንደገና ተቀድቶ ነው የታየው። እንግሊዝኛ ለእንግሊዝኛ! ስለዚ እናንተ አንዳንድ ቦታ ካመለጣችሁ አይግረማችሁ።

ባይዘዌ ይሄንን ፊልም ጅማ ላለ የኳስ ወዳጅ ሁሉ ነው የምሰጠው፣ እዚ ኳስ የማይወድ ደግሞ የለም፣ በተለይ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም ገና በወጣበት ዓመት ፕሪሚየር ሊጉን ከበላ ወዲህ። (ይቺ አንዷ ብቻ በኛ አቆጣጠር ናት።) ግሪጎሪ የሚባል ረዘም ያለ ዝርክርክ ልጅ የትምህርት ቤቱ ቡድን አጥቂ ነው፣ ቡድኑ ይሸነፋል ብቻ፣ አሰልጣኙ አዲስ ሰው ሲመርጥ ከሁሉም የምትበልጠው ዶሮቲ የምትባል ሴት ሆና ትገኛለች። እሷ አጥቂ ትሆናለች፣ እሱ ወደ በረኛነት ይወርዳል፣ እና መናደድ ሲገባው በፍቅር ይወድቃል። ትምህርት ቤቱ ኮሪደር ውስጥ ደግሞ የፔንግዊን ልብስ የለበሰ ልጅ አልፎ አልፎ ያልፋል፣ መምህራኑ ክፍልህ ሂድ ይሉታል እንጂ ለምን እንደለበሰ ማንም አያብራራም። እኔ ሙሉውን ፊልም የምወድደው በሱ ልክ ነው።

ስለ ሴት ልጆች የሆነስ?

ሁለት ልጥራ። የመጀመሪያው ኤይትዝ ግሬድ፣ 2018፣ ቦ በርነም። ኬይላ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ ዩቲዩብ ላይ በራስ መተማመን ምናምን እያለች የምክር ቪዲዮ ትለቃለች፣ የሚያይላት የለም፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ደግሞ ከሁሉም ዝምተኛ ተብላ ትመረጣለች። ኤልሲ ፊሸር ስትጫወት ራሷ የዛ ዕድሜ ልጅ ነበረች፣ ፊቷ ላይ ያለው ብጉር በሜካፕ አልተሸፈነም፣ ያለው እንዳለ ይታያል። አንድ ቦታ ላይ ያልወደደቻት ልጅ የልደት ፓርቲ ጠርታት፣ ዋና ልብስ ለብሳ መስታወቱ በር ጋር ቆማ ውጪ የሚጫወቱትን ልጆች ታያለች። የምትወጣበት ጊዜ እስኪደርስ ድረስ ያለው ነገር ከማንኛውም ሆረር ይበልጣል። ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ ለቃ ደቂቃ በደቂቃ ስንት ሰው አየው እያለች የምታይ እህት ያለው ሰው ይሄን ፊልም አብሯት ይየው።

ሁለተኛው ሊንዳ ሊንዳ ሊንዳ፣ 2005፣ የጃፓን ነው፣ ኖቡሂሮ ያማሺታ። የትምህርት ቤት ፌስቲቫል ጥቂት ቀን ቀርቶታል፣ የሴቶቹ ባንድ ድምፃዊ የለውም፣ መጀመሪያ ያለፈችውን ልጅ እንጠይቅ ብለው ሲወስኑ የምታልፈው ከኮሪያ የመጣች ጃፓንኛ በደንብ የማትሰማ ተማሪ ትሆናለች፣ ያልገባትን ጥያቄ እሺ ብላ ትገባለች። በኋላ አንድ ጃፓናዊ ልጅ ለሷ ብሎ ኮሪያኛ አጥንቶ መጥቶ እየተንቀጠቀጠ ፍቅሩን ይነግራታል፣ እሷ ደግሞ በጃፓንኛ ነው የምትመልስለት፣ ሁለቱም በሌላው ቋንቋ። ጅማ ውስጥ ክላስ ውስጥ በአፋን ኦሮሞ ጀምረን በአማርኛ የምንጨርስ ልጆች ያንን ሲን ስናይ ምን ያህል እንደምንስቅ፣ ምን ያህልም ሆዳችን እንደሚባባ ለሌላ ሰው ማስረዳት ይከብዳል።

ሁሉም የነጭ ልጆች ናቸው እንዴ?

ኧረ አይደሉም። ቦይ፣ 2010፣ ታይካ ዋይቲቲ ባደገበት በዋይሃው ቤይ፣ ኒውዚላንድ ገጠር ውስጥ የቀረጸው የማኦሪ ልጅ ታሪክ ነው። ዘመኑ 1984 ነው፣ ልጁ የማይክል ጃክሰን ፍቅር ይዞታል፣ የሌለ አባቱን ደግሞ ለክላስ ልጆች ጀግና አድርጎ ያወራል፣ አንድ ቀን አባትየው ሲመጣ ጀግናው ሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል። ዶፕ ደግሞ አለ፣ 2015፣ ሪክ ፋሙዪዋ፣ ኢንግልዉድ ካሊፎርኒያ ያሉ የ90ዎቹን ሂፕሃፕ የሚያመልኩ ጥቁር ቸካዮች፣ አሪፍ ነው ግን ዕፅና ሽጉጥ አለበት ለትንንሾች አይሆንም።

ከቤተሰብ ጋር ይታያል?

ናፖሊዮን ዳይናማይት ከእናታችሁ ጋር ሳሎን ቁጭ ብላችሁ ታዩታላችሁ፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ግሪጎሪስ ገርል መጀመሪያ አካባቢ ልጆቹ በመስኮት ልብስ የምትቀይር ነርስ የሚያዩበት ቦታ አለ፣ እሱን አሳልፉት። ኤይትዝ ግሬድ አሜሪካ ውስጥ ከ17 በታች ያለ ልጅ ከአዋቂ ጋር ካልሆነ አይግባ የሚል ደረጃ ነው የተሰጠው። የሚገርመው ዕድሜያቸው ልክ የዛች ልጅ የሆኑት ፊልሙን ማየት አለመቻላቸው ያልተዋጠለት አከፋፋዩ ኤ24፣ በ2018 ኦገስት አንድ ምሽት በየስቴቱ በነጻ ያለ ዕድሜ ገደብ አሳይቶታል። መኪና ውስጥ አንድ ትልቅ ልጅ ኬይላን የሚጫናት ሲን አለ፣ እሱን ታናሽ እህቴ አታየውም ከማለት ታላቅ እህቷ አጠገቧ ሆና ብታይላት የሚሻል ይመስለኛል።

እነዚህ ፊልሞች ሙድ መያዝን አያበረታቱም?

ይሄን የጠየቁኝ አንድ መምህር ናቸው፣ ጥያቄያቸውም ትክክል ነው፣ ምክንያቱም መስመሩ ቀጭን ነው። ፋራ ልጅ ላይ የሚስቅ ፊልም አለ፣ ከፋራው ልጅ ጎን ሆኖ የሚስቅም አለ። እኔ የምለይበት መንገድ፣ ልጁ ብቻውን ሲሆን ፊልሙ ምን ያደርጋል? ክላሱ ሲበተን፣ ቤቱ ሲገባ፣ ክፍሉ ውስጥ ሲቀመጥ ካሜራው አብሮት ከገባ፣ ስለ ምን እንደሚያስብ ካሳየን፣ ከጎኑ ነው ማለት ነው። ሰው ፊት ሲወድቅ ብቻ የሚያሳየን ከሆነ ግን እሱም እንደ ክላሱ እየሳቀበት ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ዌልካም ቱ ዘ ዶልሃውስ ነው፣ 1995፣ ቶድ ሶሎንድዝ፣ በ1996 ሰንዳንስ ላይ ትልቁን የዳኞች ሽልማት ያገኘ። ዶውን የምትባል የ7ኛ ክፍል ልጅ ናት፣ ካፌ ውስጥ ትሪ ይዛ የምትቀመጥበት ቦታ ስትፈልግ ይጀምራል፣ ከዛ ምንም እረፍት አይሰጣትም፣ ሌሎቹ ይሰድቧታል፣ እሷም በተራዋ ከሷ ያነሰውን ትሰድባለች። ኮሜዲ ተብሎ ቢሸጥም ጨካኝ ነው፣ እኔ ለአዋቂ ብቻ ነው የምሰጠው፣ ለመምህራን ግን ደስ እያለኝ እሰጣለሁ፣ ምክንያቱም አንድ ልጅ የሚሰደበው መምህሩ ጀርባውን ባዞረባት በዛች ደቂቃ መሆኑን እንደዚ ያሳየ ፊልም አላውቅም።

የኛ አገር የለም?

ኮሜዲ ሆኖ ልክ እንደነዚ የሆነ የምጠራላችሁ የለኝም። መንፈሱ የሚቀርበው ላምብ ነው፣ 2015፣ ያሬድ ዘለቀ፣ ካን ፌስቲቫል ኦፊሻል ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም። ኤፍሬም የሚባል ልጅ እናቱ ሞታ ዘመድ ቤት ይላካል፣ በጉን ይዞ። ልጁ ወጥ መሥራት ይችላል፣ አጎቱ ደግሞ ወንድ ልጅ ጓዳ ምን ያደርጋል ባይ ነው፣ በጉንም ለበዓል ሊያርደው ያስባል፣ ኤፍሬም ወደ አገሩ የሚመለስበትን ለማግኘት ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ ይሸጣል። አያስቅም፣ ግን አንድ ጊዜም ኤፍሬምን ወንድ ሁን አይለውም።

ጅማ ላይ እንደዚ ዓይነት ነገር መሥራት ይቻላል?

ይቻላል፣ እኔ ይሄን ሁሉ የምጽፈውም ለዚ ነው። ከላይ ልብ በሉ ያልኳችሁን አስታውሱ፣ ሄስ ፕሬስተን፣ አንደርሰን የራሱ ትምህርት ቤት፣ ዋይቲቲ የራሱ መንደር። ታሪኩን ፍለጋ የትም አልሄዱም፣ ካፌው ውስጥ የትኛው ቦታ ጫጫታ እንደሚበዛበት፣ የትኛው ዴስክ እንደተሰበረ፣ ዩኒት ሊደሩ በየትኛው ጥግ እንደሚቆም የሚያውቁበት ቦታ ነው የሠሩት። ፊልም ለመሥራት አዲስ አበባ መግባት አለብኝ የሚል ልጅ ሳገኝ ያናድደኛል፣ አዲስ አበባን ማን እንደሚያውቃት ታውቃለህ? የአዲስ አበባ ልጅ። አንተ የምታውቀው ከፈረንጅ አራዳ እስከ መርካቶ ያለውን መንገድ ነው፣ አዌቱ ወንዝ ሲሞላ የትኛው ሰፈር እንደሚጥለቀለቅ፣ ቡና ሲለቀም ክላስ ውስጥ ማን ማን እንደሚቀር ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፣ የፈለገ ይውሰደው። ጅማ ዝናብ እንዴት እንደሚዘንብ ታውቃላችሁ። ክላስ ላይ ነን፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው፣ ድንገት ይወርዳል፣ መምህሩ እየጮኹ ትንሽ ይሞክራሉ ከዛ ያቆማሉ፣ ማንም ማንንም አይሰማም። ስልሳ ተማሪ ቁጭ ብሎ ጣሪያ ያያል። አሁን ያ ማንም የማያናግረው ልጅ፣ ማንም እንደማይሰማው ስላወቀ፣ መናገር ቢጀምርስ? ለጎኑ ልጅ፣ ለጥቁር ሰሌዳው፣ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመውን ሁሉ፣ አፉ ሲንቀሳቀስ እናያለን ምን እንዳለ አንሰማም፣ ከዛ ዝናቡ በአንዴ ያባራል እሱ ግን መሃል ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። የመጨረሻዋ ቃል ምን እንደሆነች እናንተ ጻፉ።

ድምፅ ግን ተጠንቀቁ። ምስል በስልክ ይሆናል፣ ድምፅ ግን ከስልኩ ጋር የሚመጣው ማይክ ከሩቅ አይሠራም፣ ሌላ ስልክ ተናጋሪው ኪስ ውስጥ አስቀምጣችሁ ቅረጹና በኋላ ግጠሙት፣ መጀመሪያ ላይ አንዴ አጨብጭቡ ለማገጣጠም ይቀላል። ካሜራውን አታንቀሳቅሱ፣ ዴስክ ላይ አስደግፉት። ንግግሩ ካለቀ በኋላ ቶሎ ስቶፕ አትበሉ፣ አምስት ሰከንድ ቁጠሩ፣ የሚያስቀው እዛ ውስጥ ነው ያለው። ቋንቋውን ደግሞ አታጽዱት፣ ልጆቹ እንደሚያወሩት በሁለቱም ያውሩ፣ ሰብታይትል ታደርጋላችሁ።

ተዋናይ ከየት ይመጣል?

ከክላስ። ግሪጎሪስ ገርል ላይ ያሉት ልጆች ብዙዎቹ የግላስጎው ወጣቶች ቴአትር ውስጥ የነበሩ ናቸው። እናንተም ሚኒ ሚዲያና ድራማ ክበብ አላችሁ። ግን ማስጠንቀቂያ፣ ድራማ ክበብ የለመደ ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ በእጁ እያስረዳ ነው የሚጫወተው፣ ለመድረክ ጥሩ ነው ለዚ ዓይነት ፊልም ግን ይገድለዋል። ዝም ሲል ፊቱን ማየት የምትወዱትን ልጅ ፈልጉ። እና እባካችሁ እውነተኛውን የክላሱን ፋራ ራሱን ሁን ብላችሁ አታስጫውቱት፣ ከጠየቃችሁት ጸሐፊ ወይ ካሜራ ያዥ አድርጉት፣ ምን እንደሚያስቅ ከሁላችሁም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው፣ ከዳር ቆሞ ሲያያችሁ ነው የከረመው።

ስንት ደቂቃ ይሁን?

አጭር። ናፖሊዮን ዳይናማይት ራሱ መጀመሪያ ፔሉካ የምትባል ጥቁርና ነጭ አጭር ፊልም ነበረ፣ ዘጠኝ ደቂቃ ገደማ፣ ሄስ ተማሪ እያለ እዛው ፕሬስተን የቀረጻት፣ ያቺን ያየ ሰው ነው ትልቁን እንሥራ ያለው። እናንተ አምስት ደቂቃ ሥሩ። ትምህርት ቤት ውስጥ ከሆነ መጀመሪያ ርእሰ መምህሩን በደብዳቤ አስፈቅዱ፣ ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ባዶ ሲሆን ቅረጹ፣ ሲያልቅ ደግሞ ዩቲዩብ ከመጫናችሁ በፊት ለፈቀዱላችሁ መምህራን አሳዩዋቸው፣ ሁለተኛውን ለመሥራት ስትመጡ በሩን የሚከፍቱላችሁ እነሱ ናቸው።